«እንጸልይበት» ማለት ያቆምኩበት ዓመት

ለሦስት ዓመት ደቀ መዝሙርነት አስተምሬያለሁ። ረቡዕ ረቡዕ ማታ፣ አሥራ ሁለት ሰው በምትሞላው ሳሎናችን ውስጥ፣ ነጭ ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ሰቅዬ፣ በሦስት ቀለም እየጻፍኩ። በእነዚያው ሦስት ዓመታት ከታላቅ ወንድሜ ጋር አንነጋገርም ነበር። መሥሪያ ቤት ደግሞ የማይገባኝን ገንዘብ እበላ ነበር። የሚገርመው፣ ይሄ ሁሉ ከማስተምረው ጋር የሚጋጭ መስሎ አይታየኝም ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የምላችሁ። ይህን የምጽፈው እንደኔ ብዙ የሚያውቅ ጥቂት የሚያደርግ ሰው ካለ መንገዱ ትንሽ ቢያጥርለት ብዬ ነው።

ያደግኩት ሆሳዕና ነው። ቤተ ክርስቲያን ለእኛ ቤት እንደ ጎረቤት ነበረች፤ ከሰንበት ትምህርት ወደ ልጆች መዘምራን፣ ከዚያ ወደ ወጣቶች። አዲስ አበባ ካምፓስ ስገባ ደግሞ በተማሪዎች ኅብረት ውስጥ እሳት ሆንኩ። በተለይ የደርግ ዘመን ታሪክ ሲነገር አላርፍም። አንድ ምሽት ስለ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተነገረን፤ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት፣ ከአገር መውጣት ሲችሉ አልወጣም ብለው የቀሩት፣ ሐምሌ 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታፍነው ተወስደው የተገደሉት። ያን ሌሊት ተንበርክኬ «ጌታ ሆይ፣ ላንተ ለመሞት ዝግጁ ነኝ» ብዬ አለቀስኩ። ውሸቴን አልነበረም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ግን ሊገድለኝ የመጣ ሰው የለም። የመጣው ፕሮፎርማ ነው።

እንደኔ ግዥ ክፍል የሠራችሁ ታውቁታላችሁ። ለአንድ ዕቃ ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት፣ ይሰበሰባል፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። ይሄ ወረቀቱ ላይ ነው። መሬት ላይ ግን አንዱ ነጋዴ ራሱ ሦስቱንም ያመጣልሃል፤ የራሱን፣ የጎረቤቱንና የአማቹን ማኅተም አስመትቶ። ከዚያ ዋጋው ላይ ትንሽ ይጨመርና ልዩነቷ በፖስታ ትመጣለች። ኮሚሽን ነው የምትባለው፤ ጉቦ ብሎ የሚጠራት የለም። የመጀመሪያዋ 800 ብር ነበረች፤ ፌሮ ልገዛ ሄጄ ነጋዴው «ለታክሲ» ብሎ ኪሴ ውስጥ ከተታት። ተቀበልኩ። እሑድ ሲደርስ አሥራት አወጣሁባት፣ 80 ብር። አሁን ስጽፈው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን የቀረውን 720 ያጸዳልኝ መስሎኝ ነበር።

ከወንድሜ ጋር የተጣላነው በአባታችን ቤት ነው። አባታችን ሲያርፍ እኔ ይሸጥና እንካፈል አልኩ። እሱ እዚያው ቤት ነው የሚኖረው፣ አባታችንንም እስከ መጨረሻው ያስታመመው እሱ ነው፤ አይሸጥም አለ። አንድ ቀን በስልክ አፌ እንዳመጣልኝ ተናገርኩት። ዘጋብኝ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ዝም ዝም።

አሁን ዞር ብዬ ሳየው ትልቁ ስህተቴ መስማትን እንደ ማድረግ መቁጠሬ ነው። ጥሩ ስብከት ስሰማ ልቤ ይሞቃል፣ ማስታወሻ እይዛለሁ፣ እያለቀስኩ አሜን እላለሁ፣ ከአዳራሹ ስወጣ ነገሩን የፈጸምኩት ያህል ይቀለኛል። አምስት አጀንዳ ሞልቼ ነበር። አንዱ ላይ ማቴዎስ 5፥23 በቀይ ተሰምሮበታል፣ ስለ ዕርቅ ተሰብኮ። ያሰመርኩት ከወንድሜ ጋር በተኳረፍን በሁለተኛው ዓመት ነው። አሰመርኩ፣ ከደንኩት፣ ምሳ በላሁ።

ሌላው ደግሞ አዲስ ቃል ፍለጋ ነው። ኮንፈረንስ አያመልጠኝም። «በዚህ ዓመት በር ይከፈትልሃል» እንዲባልልኝ እሰለፋለሁ። «ለወንድምህ ደውልለት» የሚል ትንቢት የተናገረልኝ ሰው ግን የለም፤ ቢኖርም ሌላ ሰልፍ ነበር የምይዘው። ከዚህ ላይ ደግሞ ቁጥር እወድ ነበር። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንቱ ከአገሩ ሕዝብ 10.2 በመቶ ነበር፣ በ1999ኙ 18.6 ደረሰ። ነጭ ሰሌዳዬ ላይ ጽፌ አስጨብጭቤያለሁ። «ታዲያ በፖስታ የሚመጣው ነገር ለምን አልቀነሰም?» ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

ነገሩ የተገለበጠው አንድ ረቡዕ ማታ ነው። አዲስ የመጣ ልጅ ነበር፣ ሃያ ሁለት ቢሆነው ነው። ሌሎቹ ሻይ ሲጠጡ ጠጋ አለኝ። የቧንቧ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ነው የሚሠራው። «ወንድሜ፣ አሠሪዬ ለግዥ ሠራተኞች ዋጋ ጨምሬ ደረሰኝ እንድቆርጥ ያዘኛል። ልዩነቱን ለእነሱ በፖስታ እሰጣለሁ። ምን ላድርግ?» አለኝ።

ልጁ የኔን ፖስታ ከሌላው ጫፍ ይዞት ነው የመጣው። ጆሮዬ ጋለ። «እንጸልይበት» አልኩት። እጄን ትከሻው ላይ አድርጌ ጸለይኩለት፤ ረዥም ጸሎት ነበር፣ እንዳልናገር ያራዘምኩት።

በሳምንቱ መጣ። ሥራውን ለቋል። ደንግጬ «ጸለይክበት?» ስለው፣ በክፋት ሳይሆን በየዋህነት «አይ፣ ምኑ ይጸለይበታል? መልሱን እኮ አውቀዋለሁ። አንተን የጠየቅሁህ አብሮኝ የሚሆን ሰው ፈልጌ ነው» አለኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጁ ሁለት ወር ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ፤ በኋላ ሌላ ሥራ ሲያገኝ ደመወዙ ከድሮው ያንስ ነበር። ጌታ እጥፍ አድርጎ መለሰለት ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን እንደዚያ አልሆነም። አንድም ቀን ሲያማርር አልሰማሁትም፤ አንድ ረቡዕ ብቻ የታክሲ ስለሌለው በእግሩ መጥቶ አረፈደ።

ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ጡረታ የወጡ አስተማሪ አሉ፤ ጋሼ ልበላቸው። በደርግ ጊዜ ለእምነታቸው ታስረዋል፣ ከመድረክ ላይ ግን አያወሩትም። ቤታቸው ሄድኩና ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኝ «ያኔ እንዴት ጸናችሁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁ። «እስር ቤት ሌላ ምን ሥራ ነበረን? ከባዱ ስፈታ ነው፤ ከባለቤቴ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ሳልቆጣ መዋል» አሉኝ። ከዚያ ቡናቸውን አስቀምጠው «ልጄ፣ ጌታ አድርግ ብሎህ እስካሁን ያላደረግኸው ምንድነው?» አሉ።

ዘረገፍኩት። ወንድሜን፣ ፖስታውን፣ ሁሉን። አልደነገጡም። «ከእነዚህ ውስጥ ዛሬ ከመተኛትህ በፊት የሚያልቀው የትኛው ነው?» አሉኝ። ከትልቁ እንድጀምር የሚጠይቁኝ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። ሳስብ ሳስብ አንድ ዕዳ ትዝ አለኝ፤ በፊት የነበርንበት ሰፈር አንድ ሱቅ በዱቤ የወሰድኩት ዘይትና ስኳር፣ ቤት ስንቀይር ሳልከፍለው የቀረሁት፣ 640 ብር። «እሱን ክፈልና ነገ ና» አሉኝ። ከቤታቸው ቀጥታ ሄድኩ። ባለሱቁ ሙስሊም ነው፣ ደብተሩን ገልጦ ገልጦ «ወላሂ ሰርዤው ነበር እኮ» አለ። ከዚያ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ለስላሳ ከፈተልኝ። ሰው መሆኔ የተመለሰልኝ ያህል ነው የተሰማኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበላችሁ። ዛሬ የሚያልቅ ነገር ምረጡ። «ከዛሬ ጀምሮ የተለየ ሰው እሆናለሁ» የሚለው ውሳኔ ለእኔ ሁልጊዜ ማምለጫ ነበር፣ ምክንያቱም የሚለካበት ነገር የለውም። 640 ብር ግን ወይ ተከፍሏል ወይ አልተከፈለም።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ተንደረደርኩና ሌላ ጥፋት አጠፋሁ። በሁለተኛው ሳምንት ሴል ውስጥ፣ ማለትም በረቡዕ ማታው የቤት ስብሰባችን ላይ፣ ቆሜ ተናዘዝኩ፤ እንባ በእንባ። ጥሩ ነበር፣ ግን ስናዘዝ አብሮኝ የሚሠራውን ሰው ታሪክም ጨመርኩበት። ስሙን አልጠራሁም፤ ሆኖም የእሱ ቢሮ ስንት ሰው አለ? ወሬው በሦስተኛው ቀን ደረሰው። ደግሜ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ፣ እስከ ዛሬም በደንብ ሰላም አይለኝም። እውነቱን ነው። የራሳችሁን ተናዘዙ፤ የሌላውን ለባለቤቱ ተዉለት።

ባለቤቴም ይሄን ሁሉ የሰማችው እዚያው ከሰው ጋር ቁጭ ብላ ነው። አስቡት። እንግዶቹ ሲወጡ ብርጭቆዎቹን በዝምታ አጠበች። እኩለ ሌሊት አካባቢ «ገንዘቡን አይደለም፤ እኔን ከአሥራ ሁለት ሰው እኩል አስቀመጥከኝ» አለችኝ። ትዳር ውስጥ ያላችሁ፣ የመጀመሪያው ጆሮ የእሷ ወይ የእሱ ይሁን። መታዘዝ የጀመርኩ መስሎኝ የራሴን ሸክም አራግፌ ሰው ላይ ጥዬው ነበር።

ወደ ወንድሜ ስመለስ፣ በመጀመሪያ ደወልኩለት። አነሳ። «ይቅርታ አድርግልኝ፣ በዚያን ቀን የተናገርኩህ ልክ አልነበረም፤ ግን አንተም...» አልኩ። «ግን» ስትወጣ ስልኩ ተዘጋ። ጋሼ ዘንድ ሄጄ ሳማርር መጽሐፍ ቅዱሱን ከፍተው ያቺኑ በቀይ ያሰመርኳትን ቁጥር አስነበቡኝ። ስንት ጊዜ አንብቤያት «በወንድምህ ላይ አንዳች ቢኖርህ» የምትል ይመስለኝ ነበር። የምትለው ግን «መባህን በመሠዊያው ላይ ብታቀርብ፥ በዚያም ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ» ነው። የእኔ ቅሬታ ጭራሽ ውስጡ የለም። ተነሺው እኔ ነኝ፣ መባውንም ጥሎ የሚሄደው እኔ ነኝ። ክርክሬ እዚያ ላይ አለቀ።

አንድ ቅዳሜ ንጋት ላይ ተሳፈርኩ። በቡታጅራ መንገድ ወደ 230 ኪሎ ሜትር ነው፣ ግን ያን ቀን አላልቅ አለኝ። ወንድሜ በር ላይ አየኝና አልሳመኝም። ሚስቱ ናት ያስገባችኝ። ቡና እስኪፈላ ዝም ብለን ተቀመጥን። ከዚያ በመንገድ ላይ ሳጠናት የመጣኋትን ብቻ ተናገርኩ። «አባባን ያስታመምከው አንተ ነህ። እኔ ለቀብር ብቻ መጥቼ ቤት ይሸጥ አልኩ። በደልኩህ።» ሌላ አልጨመርኩም፣ ምላሴ ቢያሳክከኝም። እሱም ምንም አልመለሰም። ተነስቶ ወጣ። ስለ ቤቱ የመሸጥ ሐሳቤን እንደተውኩ ለሚስቱ ነግሬያት፣ ያቀረበችልኝን አተካና፣ የሀዲያ ባህላዊ ምግብ ነው፣ በግድ እየዋጥኩ፣ ከሰዓት በኋላ ተመለስኩ። አልታረቅንም። ሦስት ወር ሙሉ ምንም ድምፅ የለም። በአራተኛው ወር «ልጄ ታማ ነበር፣ ተሽሏታል» የሚል አጭር መልእክት ላከልኝ። ስለ በደል፣ ስለ ይቅርታ አንዲት ቃል የለችበትም። እኔ ግን ደጋግሜ አነበብኳት።

ስለዚህ ዕርቅ የምትፈልጉ ሰዎች፣ የእናንተ ድርሻ የት እንደሚያበቃ እወቁ። ሄዶ መናገር የእኔ ነው። እሱ መቼ ይቀበለኛል የሚለው የእኔ አይደለም። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ከሆሳዕና ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ «ታዝዤ ምን አገኘሁ?» እያልኩ አላጉረመርምም ነበር።

የመጨረሻው የመሥሪያ ቤቱ ነው፣ እሱ ነው ያስፈራኝ። ማታ ማታ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን የቻልነውን ያህል ደመርን፤ 47,600 ብር መጣ። ወንጌል ላይ ያለው ቀራጩ ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሎ ነበር፤ እኔ አራት እጥፉን ከየት አመጣለሁ? ዘኍልቁ 5 ላይ የበደለ ሰው ዋናውን መልሶ አምስተኛውን እጅ ይጨምር የሚል አለ፤ ጋሼም «ይህን ለራስህ እንደ ሕግ አትጫነው፣ ከቻልክ ግን መልካም መለኪያ ነው» አሉኝ። 57,120 ሆነ። ድርጅቱ የግል ነው፣ ባለቤቱ ኃይለኛ ሰው ናቸው። ከመግባቴ በፊት ሕግ የሚያውቅ ሰው አማከርኩ፤ እናንተም እንዲህ አድርጉ፣ እንደ ነገሩ ክብደት ፍርድ ቤት ሊያደርስ ይችላል፤ «ጌታ ያውቃል» ብሎ ሳያውቁ መግባት እምነት አይደለም።

ገባሁና ቆሜ ነገርኳቸው። ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። ለረዥም ጊዜ አዩኝ። «ሌላ ማን አለበት?» አሉ። «ስለ ራሴ ልነግርዎ ነው የመጣሁት። የግዥው አሠራር የት ጋ እንደሚያሾልክ ግን ላሳይዎ እችላለሁ» አልኩ። ተቆጡ፣ ጠረጴዛ መቱ፣ ውጣ አሉኝ። በሦስተኛው ቀን አስጠሩኝ። ከግዥ ተነስቼ ስቶር ተመደብኩ፤ ከደመወዜ በወር 2,000 ብር ይቆረጣል። አስሉት፣ 29 ወር ነው። ስቶር ውስጥ አበል የለም፣ መኪና የለም። ልጃችንን ከነበረችበት ትምህርት ቤት አውጥተን ሰፈር ውስጥ ወዳለው አስገባናት። ባልደረቦቼ «ጻድቁ» የሚል ስም አወጡልኝ፣ የሚናደዱም አሉ፤ ፕሮፎርማ አሁን በስልክ ይጣራላ።

የየቀኑን ኑሮ በተመለከተ የረዳኝ ነገር በጣም ቀላል ነው። አዲስ አጀንዳ አልገዛሁም። ማቴዎስ ከ5 እስከ 7 ድረስ፣ 111 ቁጥር ነው፣ እሱን ብቻ ለሦስት ወር አነበብኩ፤ በቀን ጥቂት ቁጥር፣ አንዳንዴም አንድ። ሳነብ «ይሄ ዛሬ የት ጋ ያገኘኛል?» ብዬ በወረቀት ቁራጭ ላይ እጽፍና ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ። ማታ አወጣዋለሁ። ለምሳሌ «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» ላይ ስደርስ ስልክ ላይ ስንት ጊዜ እንደምዋሽ አየሁ። አልጋዬ ላይ ሆኜ «መንገድ ላይ ነኝ»፣ መገናኛ ሆኜ «ቦሌ ደርሻለሁ»። አዲስ አበባ ውስጥ ይሄ እንደ ሰላምታ ነው እንጂ እንደ ውሸት አይቆጠርም። ከፖስታው ይልቅ ይሄ ነው ያስቸገረኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ፖስታው በወር አንዴ ነው የሚመጣው፣ ስልኩ በቀን ሃያ ጊዜ ይጮኻል።

ሌላው፣ ብቻዬን አላደርገውም። ሐሙስ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሥራ ከመግባታችን በፊት፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ ትንሽ ካፌ ውስጥ ማኪያቶ እንጠጣለን። አንዱ ያ የቧንቧ ዕቃ ሱቁን የለቀቀው ልጅ ነው። «ባለፈው አደርጋለሁ ያልከውን አደረግህ?» እንባባላለን፤ ጸሎት ከእሱ በኋላ ነው። መልሱ «አላደረግኩም» ከሆነ ስብከት የለም፣ «ዛሬ መቼ?» ብቻ። ብዙ ጊዜ እዚያው ተቀምጠን ስልክ እናስደውላለን።

ማስጠንቀቂያም አለኝ። ስድስት ወር ገደማ ሲሆነኝ ሰውን መመዘን ጀመርኩ። ሰባኪው ሲሰብክ «ታዲያ አንተ ታደርገዋለህ?» እላለሁ በልቤ። ቤት ውስጥ ሳሙና ስንት ተገዛ ብዬ ደረሰኝ ጠየቅሁ! ባለቤቴ «ሌባ እያለህ ይሻል ነበር፣ ቢያንስ ትስቅ ነበር» አለችኝ። ቀልዷ ነው፣ ግን ገባኝ። ይቅር የተባልኩት ዕዳዬን ስለከፈልኩ እንዳልሆነ ረስቼ ነበር። ዕዳውን መክፈል የቻልኩት ይቅር ስለተባልኩ ነው። ይሄን ስረሳ ጠዋት የምጽፋት ቁራጭ ወረቀት ክስ ትሆንብኛለች፣ ለሰውም ክስ አደርጋታለሁ። እንደዚያ ሲሰማኝ ለሁለት ሦስት ቀን አልጽፍም፤ መዝሙር ከፍቼ ዕቃ አጥባለሁ።

ረቡዕ ማታ አሁንም እንሰበሰባለን። ማስተማሩን ለአምስት ወር ትቼ ሽማግሌዎቹ ሲፈቅዱ ነው የተመለስኩት። ነጭ ሰሌዳው ወርዷል፣ ምስማሩ ብቻ አለ።

ከ29ኙ ወር 11 ቀርቶኛል። ወንድሜ ባለፈው እሑድ በጠዋት ደወለልኝ፣ በድምፅ፣ ከአምስት ዓመት በላይ ቆይቶ። አዲስ አበባ ለጉዳይ መጥቶ ኖሮ መናኸሪያ ቆሟል። «የት ነህ?» አለኝ። አፌ «መንገድ ላይ» ሊል ተከፈተ።

«አልጋ ላይ ነኝ» አልኩት። «ሃያ ደቂቃ ስጠኝ፣ ልብሴን ልልበስ።»

ሳቀ። «በል፣ ሻይ ልጠጣ» አለኝ።